ከሽቦው የቀደመ ዕርቅ

ሥራዬ መብት ማስተማር ነው። ሲነገር ደስ ይላል፣ አይደል? ከደባርቅ ዳባት እየተመላለስኩ፣ እጅ ያጠረውን ሰው ከግድግዳ ጥግ ሰብስቤ፣ የመብራትና የውኃ ደንበኛ ምን መጠየቅ እንደሚችል እነግራለሁ። እነሱ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ግን ሁልጊዜ አንድ ነገር ነው፤ «ዘይት መጥቶ ነው?» ዘይት የለም ስላቸው ግማሹ ነጠላውን እያራገፈ ይነሣል። የቀረውም የሚቀረው ጸሐዩ ጥሞት ነው። አንድ ሽማግሌ እንዲያውም «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ብለው ተረቱብኝና ከዘራቸውን እየተመረኮዙ ሄዱ። እኔም ትዕግሥት አልፈጠረብኝም፤ «ንጉሡማ ከሞተ ቆየ እኮ አባቴ፣ የቀረው ቆጣሪ አንባቢው ነው!» ብዬ ከኋላቸው ጮህኩ። ሰው ሳቀ። እሳቸው ዞረውም አላዩኝ።

አብዛኛው ማንበብ ስለማይችል የማስተምረው በቃል ነው፤ እኔ እላለሁ፣ እነሱ ይቀበላሉ። «ሳይነግሩኝ አይቆርጡኝም። በስህተት ከቆረጡኝ በራሳቸው ወጪ ይቀጥሉልኛል። አቤት ካልኩ መልስ ይሰጡኛል።» አንዳንዱ አፉን ብቻ ያንቀሳቅሳል፤ አንዳንዱ ያንቀላፋል። አንዲት ልጅ ግን ነበረች፤ ዘጠነኛ ክፍል የምትማር፣ ዓይኗ ከአፌ የማይነቀል። ከትምህርት ቤት ስትመለስ እናቷ አጠገብ ቁጭ ትልና፣ እኔ ሳልጨርሰው ትጨርስልኛለች። እናቷ በኩራት ጎኗን ጎሸም ታደርጋታለች፤ «ቀስ በይ፣ የሴትዮዋን እንጀራ ልትቀሚ ነው?»

እናቲቱ ጫጩት አርቢ ናት። እኩያዬ ናት፤ ብርዱና ኑሮው ግን ቀድሞ አስረጅቷታል። የጊች ልጅ ናት። ገና የወተት ጥርሷ ሳይነቀል ከተራራው አውርደው ጎንደር ሰው ቤት ሰጧት፤ «ትማራለች» ተብላ። የተማረችው ወጥ ሲያርር ምን እንደሚደረግባት ነው። ክንዷ ላይ የጭልፋ ቅርጽ ያለው ጠባሳ አለ፤ ጭልፋው ከነራሱ፣ ከነአንገቱ። ስታሳየኝ አላለቀሰችም፤ እጅጌዋን መልሳ አወረደችና «እኔ የሰው ቤት አድጌያለሁ። ልጄ ግን የሰው ደጅ አትረግጥም። የረገጠች ቀን እኔ ሞቻለሁ ማለት ነው» አለችኝ። ባሏ ከሞተ ወዲህ የምትኖረው ለዚህ ብቻ ነው። ሌላ ነገር ስትመኝ ሰምቻት አላውቅም።

ልጅቷን ከሰው ቤት የሚያድናት አንድ አምፖል ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ገና ከእንቁላል የወጡ ጫጩቶች ከጎንደር በሚኒባስ ይመጡላታል፣ ቀዳዳ ባለው ካርቶን። ቤቷን በጆንያ ለሁለት ከፍላዋለች። ከጆንያው ወዲያ ሰጋቱራ አንጥፋ፣ ዙሪያውን በካርቶን አጥራ፣ ከላይ አምፖሉን አንጠልጥላ ላባ እስኪያወጡ ታሳድጋቸዋለች፤ ከዚያ ዳባት ገበያ ወስዳ ለገበሬው ትሸጣለች። ደባርቅ ላይ ጫጩት ያለ አምፖል አይድንም። እዚህ አገር ጸሐይ እያየው ሰው ይበርደዋል፣ እንኳን አንድ ጭብጥ የማትሞላ ነፍስ። ሙቀቱን የምትለካው ደግሞ በእነሱው ነው። ከአምፖሉ ሥር ተጠጋግተው ከተከመሩ በርዷቸዋል፤ ወደ ዳር ከሸሹ ሞቋቸዋል፤ እንደ ተበተነ እህል ተዘርተው ከተኙ ደስ ብሏቸዋል። ሰው ሲመጣባት ጆንያውን ገለጥ ታደርግና «እይ፣ ደስ ብሏቸዋል» ትላለች።

የዚያን ዓመት ውርጩ በገባ ሰሞን የዕቁቧ ዕጣ ወጣላትና ሁሉንም በጫጩት ላይ አዋለችው። ከቤቷ አጥር ለአጥር ያለው ጎረቤቷ በሩን ዘግቶ ጎንደር ገብቶ ነበር፤ ሲሄድም የመብራት መስመሬን አንሡልኝ ብሎ አመልክቶ ኖሯል። ሐሙስ ጠዋት የመስመር ሠራተኛው መጣ። ከአንዱ እንጨት ሁለት ሽቦ ይወርዳል፤ አንዱ ወደ ጎረቤትየው፣ አንዱ ወደ እሷ። ወርዶ ቆጣሪውን ማመሳከር ነበረበት። አላመሳከረም። ከሥር አንድ ጓደኛው ቆሞ «ቶሎ በል እንጂ፣ ጠላው ሊያልቅ ነው» እያለ ያጣድፈው ነበር አሉ። የእሷን ቆርጦ ወረደ።

እሷ ገበያ ነበረች፤ ልጅቷም ትምህርት ቤት። ተመልሳ አምፖሉ ጠፍቶ ስታገኘው «ደግሞ ጠፋ?» አለችና ከሰል አያያዘች። በእኛ አገር መብራት ጠፋ ብሎ የሚደነግጥ የለም፤ የሚያስደነግጠው ሳይጠፋ የዋለ ቀን ነው። ይመጣል ብላ ጠበቀች። ያነቃት ወፍጮው ነው። ከመንገዱ ማዶ ያለው ወፍጮ ቤት እያጓራ ይፈጫል። «ወፍጮ እየፈጨ የእኔ ቤት ምን ሆኖ ነው?» ብላ ወጣች። ቀና ስትል የእሷ ሽቦ ከእንጨቱ ላይ ተንጠልጥሎ ነፋስ ያወዛውዘዋል።

እኔ ቤት ስትደርስ ደረቷ ይንቀሳቀስ ነበር። የደከሙትን ጫጩቶች መርጣ ጉያዋ ውስጥ ከታቸው ነው የመጣችው፤ ከቀሚሷ ውስጥ ይጮኻሉ። «ቆረጡኝ! ሳይነግሩኝ ቆረጡኝ!» አለችኝ። እንደዚያ ተናድጄ እንኳ ትምህርቴን በቃሏ በመስማቴ ደስ አለኝ፤ ሰው ክፉ ነው።

ልጅቷ ከትምህርት ቤት ስትወጣ ይዘናት ሦስታችን ወደ ቢሮው ሄድን። ቅሬታ ተቀባዩ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሣ «ሰኞ ኑ» አለን።

«ሰኞ?» አልኩት። «ና እንግዲህ፣ እስከ ሰኞ ጠብቁ ብለህ ለጫጩቶቹ አንተው ንገራቸው!» ባለ ጫጩቷን ገፋ አደረግኋት፤ ከጉያዋ አንዱን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አቆመችው። ጫጩቱ ተንገዳገደና ስልኩ አጠገብ ኩሱን ጣለ። ልጅቷ ያን ጊዜ እጇን ወደ ኋላ አድርጋ፣ ክፍል ውስጥ እንደምታነበንበው ጀመረች። «ሳይነግሩኝ አይቆርጡኝም። በስህተት ከቆረጡኝ...» ቢሮ ውስጥ የነበረው ባለጉዳይ ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። አለቅየው ከውስጠኛው ክፍል ወጣ፤ ነገሩን ጠየቀ፤ ለሠራተኛው ደወለለት። ሠራተኛው የትኛውን ሽቦ እንደቆረጠ እንኳ አያስታውስም።

አለቅየው ሰነፍ ሰው አልነበረም፣ እውነቱን ልናገር። አቤቱታዋን «በስህተት መቆረጥ» ብሎ አስመዘገበና «ይህ ክፍት ሆኖ እስካለ ድረስ የመቀጠሉ ሥራ የእኛ ግዴታ ነው» አለ። የሠራተኛውን የእንጨት መውጫ ቀበቶ ጉዳዩ እስኪጣራ ተረከበው። ሌላ ሠራተኛ በቅርብ ያለው ዳባት ነው፤ ደውሎ በማግስቱ በጠዋቱ ሚኒባስ እንዲመጣ አዘዘው። ስንወጣ እኔ መሬት አልረግጥ አልኩ። «አየሽ? አየሽ ሰማይ ሲታረስ!» እያልኩ ትከሻዋን እወዘውዛታለሁ። እሷ ግን «ዛሬን እንዴት ያድሩልኛል?» ብቻ ነበር የምትለው።

አደሩ። እናትና ልጅ በጋቢያቸው ውስጥ ተካፍለው፣ በሰውነታቸው ሙቀት አሳደሯቸው። ጥቂቶቹን የከሰሉ ጭስ ገደላቸው እንጂ የሚበዙት ተርፈው ጠበቁኝ። ዓርብ ጠዋት ስሄድ ሁለቱም ዓይናቸው ቀልቷል፤ ሆኖም ይሳሳቃሉ። ልጅቷ ጫጩት በሹራቧ እጅጌ ውስጥ ከታ አንገቱን ብቻ ብቅ ታደርገዋለች። የዳባቱን ሰው መንገድ መንገድ እያየን ሳለን በሩ ተቆረቆረ።

የዳባቱ ሰው አልነበረም። ሦስት ሽማግሌዎች ናቸው። ፊት የቆሙት የእሷው የነፍስ አባት ናቸው፤ ባሏን የቀበሩ፣ ልጇን ያጠመቁ። ከእሳቸው ቀጥሎ ከገበያው መግቢያ እህል የሚነግዱት ሐጂ፤ በከተማው ዕርቅ ሲባል ሐጂ የማይጠሩበት የለም። ሦስተኛው የመስመር ሠራተኛው አጎት ነው። ከኋላቸው ሠራተኛው ራሱ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። አንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሟል። ያን ድንጋይ አወቅሁት፤ ትርፍ ካርቶኗን ነፋስ እንዳይወስደው ደጅ የምትጭንበት ድንጋይ ነው። ከደጇ አንሥቶ፣ የራሷን ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ሊጠይቃት መጣ! ሳቄ መጣ፤ ዋጥኩት።

«ቤቶች፣ ደህና አደራችሁ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ግቡ፣ ተቀመጡ» አለች።

ገቡ፤ አልተቀመጡም። ወጉ ነው። ይቅር እስክትል ሽማግሌ አይቀመጥም። ቤቱ መስኮት የለው፤ አምፖሉ ከሌለ ቀንም ጨለማ ነው። በሩን ከፍታ ልትተወው ስትል ብርዱ ለጫጩቶቹ አይሆንምና መልሳ ዘጋችው። በበሩ ስንጥቅ ከሚገባው ጭላንጭል በቀር ብርሃን በሌለበት ጨለማ ውስጥ ቆምን። ከጆንያው ወዲያ ጫጩቶቹ ይጮኻሉ። ጫጩት ሲበርደው የሚጮኸው ጩኸት ሌላ ነው፤ ስለታም ነው፣ ያለ ማቋረጥ ነው።

ነፍስ አባቷ ቀስ ብለው፣ ቃሉን እየመዘኑ ጀመሩ። «ልጄ ሆይ። ሰው ይሳሳታል። የማይሳሳት አንድዬ ብቻ ነው። ይህ ልጅ አጥፍቷል፤ ጥፋቱንም ተሸክሞ መጥቷል። እንጀራው በአንቺ ቃል ላይ ተንጠልጥሏል።»

አጎትየው ቀበል አደረገ። «ቀበቶውን ተቀብለውታል። ዛሬ ነገ ያባርሩታል። ሚስቱ አራስ ናት እኮ፣ አራስ!»

«አባ፣» አለች፣ «ይቅር እላለሁ። እኔ ቂም የለኝም። ሽቦው ይቀጠልና እላለሁ።»

«ይቅርታ መያዣ ይዘው የሚሰጡት ዕቃ ነውን?»

«አይደለም አባ። ግን...»

ሐጂ ጆሯቸውን ወደ ጆንያው አዘነበሉ። «እኒህ ፍጥረታት ምን ሆነው ነው እንዲህ የሚጮኹ?»

«እየሞቱ ነው፣ ሐጂ» አልኳቸው።

«እንግዲያስ ሽቦው ይቅደም፤ ምን አለበት?»

ነፍስ አባቷ ዞር ብለው አዩአቸው። ሐጂ ሻሻቸውን አስተካክለው «እኔ እንኳ ለነገሩ ነው» አሉ። እስከ ዛሬ ሐጂን ሳስብ ያቺ «ለነገሩ ነው» ታንገበግበኛለች። እውነቱን ያዩት እሳቸው ነበሩ፤ አይተውም መልሰው አስቀመጡት።

እኔ አላስቻለኝም። «አባ፣ የዳባቱ ሠራተኛ መንገድ ላይ ነው። እሱ ይድረስና ሽቦውን ያገናኝ፤ ከዚያ ይታረቁ። ቀኑ ገና ነው፣ ዕርቁ የት ይሄዳል?»

«አንቺ ልጅ፣» አሉኝ ድምፃቸውን ሳያነሡ፣ «በእግዚአብሔርና በሰው መካከል ሽቦ አትዘርጊ።»

አጎትየው በአድናቆት ራሱን ነቀነቀ። ጥሩ አባባል ነበር፤ እኔም ራሴ በሌላ ቀን ብሰማው አደንቀው ነበር። የዚያን ዕለት ግን ጠላኋቸው። ጫጩቶቹ ይጮኻሉ፤ እሳቸው ስለ ይቅርታ አባቶች ምን እንዳሉ ከግእዙ ጀምረው ይተረጉማሉ። ሠራተኛው ድንጋዩ ከብዶት እግሩን ይቀያይራል። ልጅቷ ከጆንያው ወዲያ ገባች፤ ጋቢውን ስትዘረጋ፣ ጫጩቶቹን ስትሰበስብ ይሰማናል። ባለ ጫጩቷ አንድ ጊዜ ወደ ጆንያው፣ አንድ ጊዜ ወደ መስቀሉ ታያለች። አሁንም «ሽቦው ይቀጠልና» አለች።

ያን ጊዜ መስቀላቸውን አነሡ።

«እንግዲያው ገዝቼሻለሁ። ይህን ልጅ ሳትምሪ ፀሐይ ቢጠልቅ፣ ሥጋ ወደሙን አትቅመሺ። እኔም አባትሽ አይደለሁ።»

ግዝት የማያውቅ ሰው ይህን ዛቻ ብቻ ሊለው ይችላል። እኛ ዘንድ የተገዘተ ሰው ለማኅበር አይጠራም፤ ጠበል ጻዲቁ አይደርሰው፤ ሲሞት እንኳ ምን እንደሚደረግ ሰው አፉን በነጠላው ሸፍኖ ነው የሚነጋገረው። ባለ ጫጩቷ ክንዴን ያዘችኝ። ጣቷ በረዶ ነበር።

«አንቺ ምን ትያለሽ?»

«አይሆንም በያቸው» አልኳት በጆሮዋ። «የመጣሽውን መብት አትልቀቂው። የዳባቱ ሰው አሁን ይደርሳል።»

«ስሞት ፍትሐት የምታደርሺልኝ አንቺ ነሽ?»

ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ! ደንቡን ከዳር እስከ ዳር አውቀዋለሁ፤ ስለ ፍትሐት የሚል የለበትም። ክንዴን ለቀቀችኝ። ሄዳ ድንጋዩን ከአንገቱ ላይ አነሣችለትና መሬት አኖረችው። «ይቅር ለእግዚአብሔር» አለች። ሠራተኛው ተንበርክኮ ጉልበቷን ሳመ። «ዛሬውኑ ወጥቼ እቀጥልልሻለሁ፣ ልጄ ይሙት!» አለ። አዲስ የተወለደ ልጁን ነው።

አሁን ተቀመጡ። ጾም ነውና የገብስ ቆሎ አቀረበች፤ ቆረጣጠሙ። ነፍስ አባቷ ተነሥተው መረቁ። የመረቁት ምርቃት ማለቂያ አልነበረውም። «ዘርሽ ይለምልም።» አሜን። «ጎታሽ ይሙላ።» አሜን። «ቤትሽ አይጨልም።» አሜን፣ አልን ጨለማው ውስጥ ቆመን። በምርቃቱ መካከል አንድ ነገር ጆሮዬን ሳበው፤ የጫጩቶቹ ጩኸት ሳስቷል። ቅድም አንድ ላይ ነበር፤ አሁን አንዱ ከዚያ፣ አንዱ ከዚህ። ሽማግሌዎቹ ጸጥታውን ወደዱት መሰለኝ፤ ምርቃቱ ይበልጥ ረዘመ።

አጎትየው በዚህ መሃል ወደ ደጅ ወጥቶ ስልኩን አወጣ። «ታርቀናል። አዎ፣ በእግዚአብሔር ስም። አቤቱታዋን አንሥታለች። የልጁን ቀበቶ መልሱለት» ሲል ሰማሁት። ክፋት አልነበረበትም፤ ደስታውን ነው ያበሰረ። ቢሮ የሚሠራው ግን በሌላ ልብ ነው። የዳባቱ ሠራተኛ ኋላ እንደነገረኝ፣ ሚኒባሱ ደባርቅ ሊገባ ጥቂት ሲቀረው ስልኩ ጮኸ። «ተመለስ፤ ነገሩ በዕርቅ አልቋል» አሉት። ወረደ፤ መንገዱን ተሻገረ፤ በመልስ መኪና ዳባት ገባ።

እኛ ደጅ ቆመን ጠበቅን። የዳባቱም አልመጣ፣ ልጁ ይሙት ያለውም አልመጣ። ከሰዓት በኋላ እየሮጥኩ ቢሮው ሄድኩ። አለቅየው ለስብሰባ ጎንደር ሄዷል። ቅሬታ ተቀባዩ ብቻውን ነበር፤ ሠራተኛው ቀበቶውን ሊወስድ መጥቶ «ያለ ሥራ ትዕዛዝ እንጨት አትወጣም» ተብሎ እንደተመለሰ ነገረኝ።

«ትዕዛዙ አለ እኮ! ትናንት ተሰጥቷል!»

«የተሰጠው በአቤቱታው ነበር። አቤቱታው ተነሣ፣ ትዕዛዙም አብሮ ወደቀ።»

«ሽቦው ግን ተቆርጦ ነው ያለው! በስህተት!»

«የቱ ስህተት?» አለኝ፤ ጠረጴዛው ላይ ጫጩት ኩስ ስለጣለበት ቂሙን እንደተወጣ ሰው ተደስቶ። «ከሳሽ የለ፣ ስህተት የለ። ስህተት ከሌለ በትክክል ነው የተቆረጠ። እንደ አዲስ ደንበኛ ታመልክት፤ ተራዋን ትጠብቅ። ምን ላድርግልሽ? እናንተው ታረቃችሁ።»

የተናገርኩትን እዚህ አልጽፈውም። ጥበቃው ክንዴን ይዞ አወጣኝ።

ሠራተኛውን ቤቱ ድረስ ሄጄ ለመንኩት። «ያለ ቀበቶ ውጣ፣ ማን ያይሃል?» አልኩት።

«ደግሞ ልታስከስሺኝ?» አለኝና በሩን ዘጋው።

ጫጩት ሲበርደው ይደራረባል። ከላይ ያለው ከታች ያለውን እየተጫነ ይገድለዋል፤ ከዚያ ከሥሩ የሚሞቀው ነገር ስለሚያጣ እሱም ይሞታል። ልጅቷ ቁጭ ብላ ከክምሩ እየለየች፣ የሞተውን ወደ ግራ፣ ያለውን ወደ ቀኝ ታደርግ ነበር። ያለውን በትምህርት ቤት ሹራቧ ጠቀለለችው። ቅዳሜና እሑድ የግራው ክምር እያደገ ሄደ። እናትየው ከሰሉን ታራግባለች፤ ጭሱ ይበዛል፤ በሩን ትከፍታለች፤ ብርዱ ይገባል፤ በሩን ትዘጋለች። ሰኞ የቀረ አልነበረም። በጆንያ ሞልታ ወንዙ ዳር ወስዳ ስትደፋቸው ውሾቹ ቀድመዋት ደርሰው ነበር። «ቢያንስ አንድ ሰው ጠገበ» አለችኝ። ፊቷ ላይ ምንም አልነበረም።

በአዲስ ደንበኛ ተራዋ ደርሶ ሽቦዋን የቀጠለላት ያው ሠራተኛ ነው። ከእንጨቱ ላይ ሆኖ እጁን አውለበለበላት። አምፖሉ በራ። ከሥሩ የነበረው ሰጋቱራ ብቻ ነው።

ክፋት ቢሆን በጀ። የገደለን ደግነት ነው። ሽማግሌዎቹ ጫጩቶቹ ማለቃቸውን ሰሙና አዘኑ፤ ከልባቸው አዘኑ። ነፍስ አባቷና አጎትየው ተመልሰው መጡ። «የተራበ እያዩ ማለፍ ክርስትና አይደለም» አሉ ነፍስ አባቷ። «የዚያ ልጅ ሚስት አራስ ናት፤ የሚያግዛት የለ። ልጅሽ እነሱ ዘንድ ትደር። እንደ ልጃቸው ያዩአታል፤ ማታ ማታም ትማራለች። ለዕርቁም ማጽኛ ይሆናል።»

እኔ እንደ ሰማሁ ሮጥኩ። ባለ ጫጩቷ የልጅቷን ልብስ በፌስታል ትከታለች። ልጅቷ በሩ ላይ ቆማለች።

«እብድ ነሽ?» አልኳት። «የሰው ደጅ አትረግጥም ያልሽው አንቺ አይደለሽም?»

«ምን ላብላት?» አለችኝ። «ዕቁቤን ውሻ በላው። ደግሞ ቅርብ ነው እኮ። ጎንደር አይደለም። ብትጠራኝ እሰማታለሁ።»

«አንቺም ስትጠሪ የሚሰማሽ ነበር? ክንድሽን አሳያት! አሳያት እንጂ!»

ጨክኜ ነው የተናገርኩት፤ ልጅቷ ፊት። እናትየው እጅጌዋን ሳበችና እስከ አንጓዋ አወረደችው። ፌስታሉን አንሥታ የልጇን እጅ ያዘች። በመንገዱ ላይ ነፍስ አባቷን ሲያገኙ ሁለቱም ጎንበስ ብለው መስቀላቸውን ተሳለሙ። እኔም ከኋላቸው ደርሼ ተሳለምኩ። ይህን ሁሉ አድርገውን እንኳ መስቀል ሲዘረጋልኝ አልሳምም ማለት አልችልም፤ ለዚያም ነው ያን ቀን መልስ ያጣሁላት።

ክረምቱ ካለፈ በኋላ ተራዬ በዚያ ሰፈር ደረሰ። ቤት ለቤት እየዞርኩ ሰው ስጠራ አንዱን በር አንኳኳሁ፤ የመስመር ሠራተኛው ቤት ነው። የከፈተችልኝ ልጅቷ ናት። ሕፃኑን በጀርባዋ አዝላለች። ከፍ ብላለች፤ እጇ ተሰነጣጥቋል። የለበሰችው ያንኑ የትምህርት ቤት ሹራብ ነው።

«ትማሪያለሽ?» አልኳት ቀስ ብዬ።

«ሕፃኑ ሲተኛ» አለች።

«ይተኛል?»

«አይተኛም።»

ሠራተኛው ከውስጥ ድምፄን ሰምቶ ወጣ፤ ሳቁ ከእሱ ቀደመ። ተጣልተን እንደማናውቅ ሆነ። «አስተማሪዋ! ግቢ እንጂ፣ ምን ደጅ ያቆምሻል? እኛ ቤት እንኳ መማር አያስፈልገንም፤ ይቺ ሁሉንም በቃሏ ታውቀዋለች። እንግዳ ሲመጣ እኮ አስብላታለሁ፤ ሰው በሳቅ ነው የሚሞት። በይ እስቲ፣ በይላት!»

ልጅቷ እጇን ወደ ኋላ ልታደርግ ስትል ሕፃኑን አገኘችው፤ ከሥሩ ደገፈችው። መሬት መሬት እያየች ጀመረች።

«ሳይነግሩኝ አይቆርጡኝም። በስህተት ከቆረጡኝ በራሳቸው ወጪ ይቀጥሉልኛል። አቤት ካልኩ መልስ ይሰጡኛል።»

ትምህርቱ እዚያ ላይ ያልቃል። ሠራተኛው ሊያጨበጭብ እጁን አነሣ። እሷ ግን ቀና አለችና ዓይኔን አየችኝ።

«ሽቦው ሳይቀጠል አልታረቅም» አለች።

እሱ በጣም ሳቀ። «ይህቺን ደግሞ ከየት አመጣሻት?» አለና ጀርባዋ ላይ ያለውን ልጁን አገጩን ነካ አደረገው። ከዚያ ውኃ እንድትሞላ ላካት። ጄሪካኗን አንሥታ፣ ሕፃኑን እንዳዘለች፣ በአጠገቤ አልፋ ወደ ቦኖው ወረደች።